ሮቦት፣ ኮምፒውተር ወይስ የሐኪም እጅ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆናችሁ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ለምትመርጡ

ጉልበት የሚያመው ሰው ወይም ልጁ ስልክ ከፈተ ማለት ዘንድሮ የሮቦት ማስታወቂያ አየ ማለት ነው። «በትንሽ ቀዳዳ»፣ «ያለ ሕመም»፣ «በሦስተኛው ቀን ወደ ቤትዎ»። ሆስፒታሉ ዴልሂ ወይም ኢስታንቡል ነው። ከሥር ያለው ስልክ ቁጥር ደግሞ የአዲስ አበባ ደላላ ነው። እናቱ ግድግዳ ይዛ ደረጃ ስትወርድ በየቀኑ የሚያይ የደሴ ልጅ ይህን ሲያነብ፣ ባጃጇን ልሽጣት እንዴ ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብራችሁ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ለማሽን አትክፈሉ። መጀመሪያ ለትክክለኛ ምርመራ፣ ቀጥሎ ያንኑ ሥራ ደጋግሞ ለሠራ ሐኪም፣ ቀጥሎ ለፊዚዮቴራፒ። የተረፈ ካለ ያኔ ስለ ሮቦት እናወራለን። አዲስ የሆነ ሁሉ ጌጥ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከአዲሶቹ ዘዴዎች አንዳንዶቹ ሰውን ከአልጋ የሚያነሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ሒሳቡን ብቻ ያንራሉ።

ካሜራ ወይስ ክፍት ቀዶ?

አርትሮስኮፒ የሚባለው፣ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላት ካሜራ አንድ ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ቀዳዳ ወደ መገጣጠሚያው ገብታ የሚሠራ ነው። በሌላ ቀዳዳ መቁረጫና መስፊያ ይገባል። ጉልበቱ በጨው ውሃ ይሞላል፣ ሐኪሙ ስክሪን እያየ ይሠራል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ እ.ኤ.አ. በ1918 በሬሳ ጉልበት ላይ ሞክሮታል።

ሆጤ ሜዳ ኳስ ሲጫወት እግሩ መሬት ይዞ ጉልበቱ ለዞረበት ወጣት ይህ ዘዴ ከክፍት ቀዶ በብዙ ይሻላል። የተበጠሰ የመሐል ጅማት (ኤሲኤል) ወይም ተቀዶ ጉልበቱን የሚቆልፍበት ሜኒስከስ (በጉልበቱ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ መሰል ለስላሳ አጥንት) ካለው ካሜራውን ያለ ማመንታት ይምረጥ። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ይወቅ፦ ቀዳዳው ትንሽ ነው ማለት ማገገሚያው አጭር ነው ማለት አይደለም። አዲስ ጅማት የተተከለለት ሰው ወደ ኳስ ለመመለስ 9 ወር ገደማ ይፈልጋል። በ4 ወር የሚመለሰው እንደገና ሊበጥሰው ይችላል።

የ60 ዓመቷ እናትስ? ጉልበታቸው በዕድሜ ተበልቶ፣ ራጁ ላይ አጥንት ከአጥንት ተጠጋግቶ ከሆነ «በካሜራ እናጽዳው» ለሚል ሐኪም እሺ አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከሂዩስተን የወጣ ጥናት 180 ሰዎችን ለሦስት ከፍሎ ነበር። የአንዱ ቡድን ጉልበት ተጠረገ፣ የሌላው በውሃ ታጠበ። የሦስተኛው ቆዳው ብቻ ተበስቶ ተሰፋ። እስከ ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው ቆዳቸው ብቻ ከተበሳው የተሻለ የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ለእንዲህ ዓይነቱ ጉልበት አርትሮስኮፒ እንዳይሠራ አጥብቆ መክሯል። ይህን ስጽፍ ደስ የማይላቸው ክሊኒኮች እንዳሉ አውቃለሁ። እናታችሁ ግን ያንን ብር ለክብደት መቀነሻ ምክር፣ ለጭን ጡንቻ ስፖርት፣ ለማስታገሻ መድኃኒትና ለከዘራ ቢያውሉት ይሻላል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሌሊት እንቅልፍ ካሳጣቸው፣ ጥያቄው ስለ መገጣጠሚያ ቅየራ ይሆናል።

የጉልበት ቅየራ፦ በእጅ፣ በናቪጌሽን ወይስ በሮቦት?

ትልቁ ብር የሚወጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በተለመደው ዘዴ ሐኪሙ በጭን አጥንት ቦይ ውስጥ ዘንግ ያስገባል። ያንን መሪ አድርጎ የተበላውን ጫፍ በልኩ ይቆርጣል፣ ብረቱንና ፕላስቲኩን ይገጥማል። ጥሩ ሐኪም ይህን በእጁና በዓይኑ ሲሠራው ውጤቱ የሚያሳፍር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውስትራሊያና የፊንላንድ መዝገብ ተሰብስቦ ሲታይ፣ ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት ቆይተዋል። እነዚህ ጉልበቶች በአብዛኛው በዚሁ በተለመደው ዘዴ የተሠሩ ናቸው። ሮቦት የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን ቁጥር አይነግራችሁም።

በናቪጌሽን ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱ አይቆርጥም። በጭንና በቅልጥም አጥንት ላይ ምልክት የያዙ ቀጫጭን ብረቶች ይሰካሉ። ኢንፍራሬድ ካሜራ እነሱን እየተከተለ የእግሩን መስመር በዲግሪ ያሳያል። የግንበኛ ውሃ ልክ በሉት፦ ግድግዳው መዝመሙን ይናገራል፣ ድንጋዩን የሚያስቀምጠው ግን ግንበኛው ነው። የመጀመሪያው የጉልበት ቅየራ በዚህ መንገድ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1997 ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ውስጥ ነው። ጥቅሙ ምን ያህል ነው? መስመራቸው ከ3 ዲግሪ በላይ የሚያፈነግጥ እግሮች ቁጥር በግልጽ ይቀንሳል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ መዝገብም ከ65 ዓመት በታች ለሆኑት ልዩነት አሳይቷል፦ በ9 ዓመት ውስጥ እንደገና የተሠሩት ያለ ናቪጌሽን 7.8 በመቶ፣ በናቪጌሽን 6.3 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ አለ፤ ግን ቤት የሚያሸጥ አይደለም። ለ72 ዓመት አባት ደግሞ ብዙም ትርጉም የለውም።

ሮቦቱ ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል። ሮቦዶክ የተባለው የመጀመሪያው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1992 ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ውስጥ በሰው ዳሌ ላይ ሠርቷል። ዛሬ በብዛት የምትሰሙት ማኮ፣ ሮዛና ኮሪ የሚባሉትን ነው። በማኮ ከኦፕሬሽኑ በፊት ሲቲ ስካን ይነሳና በኮምፒውተር ላይ ዕቅድ ይወጣል። መጋዙን የሚይዘው ክንድ ከዕቅዱ ውጭ ሊቆርጥ ሲል ያቆማል። የሚገፋው ግን ሐኪሙ ነው። «ሮቦቱ ነው የሚሠራልህ» ያላችሁ ደላላ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ማሽኑ በሚሊዮን ዶላር ስለሚገመት ሆስፒታሉ ያንን ከሆነ ቦታ ማውጣት አለበት። ሆነ ቦታው የእናንተ ኪስ ነው።

በተግባር የተረጋገጠው ይህ ነው፦ በሮቦት የተቆረጠ አጥንት ከዕቅዱ ጋር በደንብ ይገጥማል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመም ቀነሰ የሚሉ ጥናቶችም አሉ። ዓመት ሲሞላ ግን መራመዱ፣ ደረጃው፣ ሕመሙ ሲለካ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ኦፕሬሽኑ በተለይ ለማሽኑ አዲስ በሆነ ሐኪም እጅ ይረዝማል። ብረቶቹ የተሰኩበት ቦታ ላይ አጥንት የመሰንጠቅ ነገርም አለ፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነው፣ ግን አለ። ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ከባድ ኢንፌክሽን ደግሞ ሮቦት ስላለ አይጠፋም። እሱን የሚቀንሰው የኦፕሬሽን ክፍሉ ንጽሕና፣ በሰዓቱ የተሰጠ አንቲባዮቲክ፣ የተስተካከለ ስኳርና የተተወ ሲጋራ ነው።

ታዲያ ኮምፒውተሩ በእርግጥ የሚያስፈልገው ማን ነው? ድሮ ጭኑ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ የገጠመ ሰው። በገጠር ወሎ እንዲህ ዓይነት እግር ያለው አዛውንት ብርቅ አይደለም። የጭኑ ቦይ ጠማማ ከሆነ ወይም ውስጡ የቆየ ብረት ካለ መሪው ዘንግ አያልፍም። ያኔ ናቪጌሽን ወይም ሮቦት ቅንጦት መሆኑ ይቀራል። እግሩ በጣም የተንጋደደ ሰው፣ ገና በ50ዎቹ ያለ ሰውም እዚህ ውስጥ ይገባል። ከእነዚህ ውጭ ከሆናችሁ፣ በዓመት መቶ ጉልበት በእጁ የሚቀይር ሐኪም በዓመት አሥር በሮቦት ከሚቀይረው ይሻላችኋል።

«በትንሽ ቁስል የሚሠራ ቅየራ» የሚባል ሌላ ነገርም አለ። የተለመደው ቁስል 15 ሴንቲ ሜትርም ይሁን 20፣ እሱን ወደ 10 ወይም 12 ማሳጠር ነው። ለዓይን ደስ ይላል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናትም ቀለል ይላሉ። ሐኪሙ ግን በጠበበ ቦታ ሲሠራ የሚያየው ያንሳል። ለቁስል ርዝመት ተብሎ ሐኪም መቀየር አልመክርም።

ከፊል ቅየራ ግን ተገቢውን ትኩረት አያገኝም። የተበላው የጉልበቱ ውስጠኛ ጎን ብቻ ከሆነና ጅማቶቹ ደህና ከሆኑ፣ ያንን ጎን ብቻ መቀየር ይቻላል። ቁስሉ ያንሳል፣ ማገገሙ ይፈጥናል፣ ጉልበቱም የራስ ጉልበት ይመስላል። ዕዳው ዕድሜው ነው፦ 25 ዓመት የሚቆዩት 70 በመቶ ገደማ ናቸው። አቀማመጡ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ሮቦት በደንብ የሚያግዝበት ሥራም ይኸው ነው።

አንድ ነገር የውጭ ማስታወቂያ ላይ አታገኙትም። የተቀየረ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ለመራመድ፣ ለወንበር፣ ለመኪና ይበቃል። ለሱጁድ፣ ለስግደት፣ ቁጢጥ ብሎ ለመጸዳዳት፣ መጅሊስ ላይ እግር አጥፎ ለመቀመጥ ግን አይበቃም። መንበርከክ ክልክል አይደለም፣ ግን ብዙ ሰው ይከብደዋል። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በጉልበቱ የሚያመልክ ነው። ስለዚህ ይህን ከኦፕሬሽኑ በፊት ለአባትና ለእናት ንገሯቸው። በወንበር ላይ ሆነው እንደሚሰግዱ ቀድመው አውቀው ቢገቡ፣ በኋላ «ጉልበቴን አበላሹት» ከሚል ቅሬታ ይድናሉ። ይህን ገደብ ሮቦትም አይቀይረውም።

ዳሌ

የዳሌ ቅየራን ዛሬ ባለበት መልክ ያስተማረው እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ። እዚህ የሚነጻጸረው ከፊት ወይስ ከኋላ መግባት ነው። ከፊት ሲገባ ጡንቻ አይቆረጥም፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀላሉ። አንዳንድ ሰው ግን ጭኑ ላይ መደንዘዝ ይቀርበታል። ከኋላ ሲገባ ለሳምንታት ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ አይፈቀድም፤ ብረቱ ሊወልቅ ይችላል። የቡና በርጩማ በዚያ ሰሞን ጠላት ነው ማለት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱም ይስተካከላሉ። ሐኪማችሁ የለመደውን ይሥራ።

አዛውንት ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቢሠራ ነው የሚመረጠው። ተኝተው በቆዩ ቁጥር የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል ይመጣል። ስለ ሮቦት ለማማከር አንድ ሳምንት የሚያባክን ቤተሰብ አባቱን እየጎዳ ነው።

ስብራት፦ ክብደት ማንጠልጠል፣ ፕሌት፣ ኔይል ወይስ ወጌሻ?

የሐረጎ ቁልቁለትና የባጃጅ አደጋ ባለበት አገር፣ ከጉልበት ቅየራ ይልቅ የጭንና የቅልጥም ስብራት ነው ብዙ ቤት የሚያንኳኳው። ትንሽ ቀዳዳ ለውጥ የሚያመጣውም እዚህ ነው።

ድሮ የጭን ስብራት እግር ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ አልጋ ላይ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር ያስተኛ ነበር። ዛሬም መሣሪያ በሌለበት ይሠራበታል፤ አጥንቱ ይገጥማል፣ ግን እግር የሚያጥርበት፣ ጉልበት የሚደርቅበት፣ ሥራ የሚቀርበት ብዙ ነው። ፕሌት ማለት አጥንቱን ከፍቶ በጎኑ ብረት በብሎን ማሰር ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ ለገባ ስብራት አሁንም ተመራጭ ነው። ለጭንና ለቅልጥም መሐል ስብራት ግን ኔይሉ ይበልጣል፦ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ቁስል ብረቱ በአጥንቱ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ከላይና ከታች በብሎን ይቆለፋል። ሰውየው በቀናት ውስጥ በክራንች ይነሳል።

ኔይል ለመቆለፍ ብዙ ጊዜ ሲ-አርም የሚባለው ተንቀሳቃሽ ራጅ ያስፈልጋል። ያ በሌለበት የሚሠራው ሳይን ኔይል ይባላል። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዚርክል እ.ኤ.አ. በ1999 ያቋቋሙት ድርጅት የሚያመርተው ነው። የብሎኑን ቀዳዳ ያለ ራጅ የሚያገኝ የውጭ መሪ አለው፣ በኢትዮጵያም ይሠራበታል። ኮምፒውተር የለውም፣ መብራት ቢጠፋም መሪው አይጠፋም። ከሁሉም አዲስ ቴክኖሎጂ ለእኛ አገር የሚስማማውን ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው። የሚሠራላችሁን ሐኪም «ኔይል አላችሁ? ሲ-አርም አላችሁ? ከሌለስ ያለ ሲ-አርም የሚቆለፈው አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለውም።

ወጌሻን ለማጥላላት አልጽፍም፤ ውልቃትን አሽቶ የመለሰላቸው ብዙ ናቸው። ግን አጥንት የተሰበረበትን እጅ በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ስንት ልጅ እጁን አሳጥቷል። ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ቀለሙ ከተቀየረ ወይም ሕመሙ ከባሰ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፣ ወደ ሆስፒታል ይሮጥ። «ነገ እናየዋለን» አይባልም። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣማ ወጌሻ ጋር የሚያስኬድ ምንም ምክንያት የለም።

የት ይሠራ?

ለስብራት መጀመሪያ ደሴ። ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአካባቢው ዋና ሪፈራል ነው፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከደረሰበት ዝርፊያና ጉዳት ተነስቶ ነው የሚሠራው። ክፍት ስብራት ይዞ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር መሮጥ ቁስሉን ለማመርቀዝ ጊዜ መስጠት ነው። ቢያንስ ታጥቦ፣ አንቲባዮቲክና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተሰጥቶ፣ ተደግፎ ይሂድ።

ለመገጣጠሚያ ቅየራና ለአርትሮስኮፒ ብዙ ሰው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የሚታሰበው የኦፕሬሽኑ ዋጋ ብቻ አይደለም። ክር ለማስፈታት፣ ለቁጥጥር፣ ለፊዚዮቴራፒ ትመላለሳላችሁ። በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴ በኩል በመኪና ስትመለሱ በየሰዓቱ ቆማችሁ ተራመዱ፣ ደም እንዳይረጋ የታዘዘውን መድኃኒት አታቋርጡ። አቅም ካለ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ያለው አጭር በረራ ለጉልበቱ ይሻላል።

ውጭ አገር ሌላ ሒሳብ ነው። ሐኪሙ ጎበዝ፣ ሆስፒታሉ የተሟላ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከወር በኋላ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ማን ያየዋል የሚለው ነው። ሌላ ሰው የሠራውን፣ ምን እንደገባበት የማያውቀውን ጉልበት መክፈት የሚፈልግ ሐኪም ጥቂት ነው። ረጅም በረራም ከኦፕሬሽን በኋላ ለሳምንታት ቢዘገይ ነው የሚመከረው፣ ስለዚህ የሆቴልና የአስታማሚ ወጪ ይጨመራል። ውጭ መሄድ የሚያዋጣው ለተወሳሰበ ጉዳይ ነው፦ እንደገና ለሚሠራ ቅየራ፣ ለዕጢ፣ ለከባድ ጠማማ አጥንት።

የጤና መድን ያላችሁ ሪፈራችሁን በሥርዓቱ አስጽፉ። ኢምፕላንቱ (ሰውነት ውስጥ የሚገባው ብረትና ፕላስቲክ) በመድኑ ይሸፈን እንደሆነ ከመተኛታችሁ በፊት ጠይቁ። ከውጭ ግዙ ከተባላችሁም ሐኪሙ ዓይነቱንና መጠኑን በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት

ሐኪሙን ይህን ኦፕሬሽን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ጠይቁት። የተቆጣ ሐኪም ራሱ መልስ ነው። ዋጋው ኢምፕላንቱን፣ ሲቲ ስካኑን፣ የአልጋውን ቀንና ፊዚዮቴራፒውን ይጨምር እንደሆነ በወረቀት ይጻፍላችሁ። «ሮቦቱ በመሐል ቢበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?» በሉ። «በእጅ እንጨርሳለን፣ ለምደነዋል» የሚል መልስ ነው የምትፈልጉት።

ቤቱንም ቀድማችሁ አዘጋጁ። ቀዳዳ ያለው የመጸዳጃ ወንበር በደሴ የእንጨት ሠራተኛ በቀላሉ ይሠራል። የምትተኙበት ክፍል ታች ይሁን። ዳገት ወይም ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የተሠራው ይቅደም። ከጉልበት ሥር ትራስ አታድርጉ፤ ይመቻል፣ ግን ጉልበቱ ሳይዘረጋ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየቀኑ የማይታጠፍና የማይዘረጋ ጉልበት በሮቦትም ቢሠራ ይደርቃል።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ደግሞ የኢምፕላንቱን ተለጣፊ ጠይቃችሁ ውሰዱ። የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ መጠኑና ተከታታይ ቁጥሩ ያለበት ትንሽ ወረቀት ነው። በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ዋናውን ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡት። ከ15 ዓመት በኋላ ፕላስቲኩ አልቆ መቀየር ቢያስፈልግ፣ የሚቀይረው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።